የውጭ በጀት ሲቆረጥ ጋይንት፣ ስማዳና እስቴ ላይ ምን ይጎድላል? ሙሉ ማብራሪያ

ከወገዳ ተነስታችሁ ወደ አባይና ወደ በሽሎ በረሃ ስትወርዱ ቀበሌው መሀል አንድ ጤና ኬላ ታገኛላችሁ። አንድ ወይም ሁለት የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ፣ አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ መደርደሪያ። የባለሙያዋን ደሞዝ የሚከፍለው ወረዳው ነው። መደርደሪያው ላይ ያለው ግን ሌላ ጉዳይ ነው። የወባ መመርመሪያው፣ ኮአርተሙ፣ ክትባቱ፣ ለከሳ ሕፃን የሚሰጠው ፕላምፒ ነት፣ የሦስት ወር መርፌው፣ አብዛኛው የተገዛው ዋሽንግተን፣ ለንደን ወይም ብራሰልስ ላይ በጸደቀ በጀት ነው።

"ዩኤስኤይድ ተዘጋ" የሚለውን ዜና ሁላችንም ስልካችን ላይ አይተነዋል። አንዳንዱ "ጤና ጣቢያ ሊዘጋ ነው" አለ፣ ሌላው "እኛን አይነካንም" አለ። ሁለቱም ልክ አይደሉም። ነገሩን በደንብ ለመረዳት አንድ ቀላል ጥያቄ ይዘን እንሂድ፦ እኛ ጋ ካለው የጤና አገልግሎት የትኛው በማን ኪስ ነው የሚሠራው?

ባጭሩ ለሚፈልግ

• በኢትዮጵያ ለጤና ከሚወጣው ጠቅላላ ገንዘብ ሲሶ ያህሉ ከውጭ፣ ሲሶ ያህሉ ከመንግሥት፣ ሲሶው ደግሞ በአብዛኛው በቀጥታ ከሰው ኪስ የሚወጣ ነው።
• ደሞዝና ሕንፃ ባብዛኛው የመንግሥት ነው። በነጻ የሚሰጡ መድኃኒቶችና ክትባቶች ባብዛኛው የውጭ ናቸው።
• የአሜሪካ ገንዘብ ባብዛኛው በወረዳው የበጀት መዝገብ አያልፍም ነበር። ስለዚህ ሲቆረጥም መዝገቡ ላይ ክፍተት ሆኖ አይታይም። ትልቁ ችግር እዚህ ላይ ነው።

መደርደሪያው ላይ ያለው የማን ነው?

የጤና ባለሙያዎች "የፕሮግራም መድኃኒት" የሚሉት ነገር አለ። በነጻ የሚታደል፣ ለተወሰነ በሽታ ተብሎ የሚመጣ መድኃኒት ማለት ነው። ጤና ጣቢያው ገዝቶ መልሶ ከሚሸጠው መድኃኒት ይለያል። ሁለቱንም የሚያከፋፍለው የኢትዮጵያ መድኃኒት አቅራቢ አገልግሎት ነው፣ ገንዘቡ ግን ከተለያየ ቦታ ነው የሚመጣው።

የኤች አይ ቪ መድኃኒት፦ ግዢው በዋናነት በግሎባል ፈንድ ነው። የአሜሪካው ፔፕፋር ደግሞ ላቦራቶሪውን፣ የቫይራል ሎድ ምርመራውን፣ ዳታ የሚሞሉትንና መድኃኒት ያቋረጠ ሰው ፈልገው የሚመልሱትን ሠራተኞች ሲከፍል ኖሯል።

የቲቢ መድኃኒት፦ እዚህም ግሎባል ፈንድ ትልቁ ገዢ ነው።

ወባ፦ አጎበር፣ ፈጣን መመርመሪያና መድኃኒት ከግሎባል ፈንድና ከአሜሪካ ፕሬዚዳንት የወባ ፕሮግራም ይመጣል።

ክትባት፦ ጋቪ የሚባለው የክትባት ጥምረት ይከፍላል፣ የኢትዮጵያ መንግሥትም የራሱን ድርሻ ያዋጣል።

የተመጣጠነ ምግብ፦ ፕላምፒ ነት በዩኒሴፍ፣ ለእርጉዝና ለሚያጠቡ እናቶች የሚሰጠው አልሚ ምግብ በዓለም ምግብ ፕሮግራም በኩል ይመጣል። የሁለቱም ትልቁ ለጋሽ አሜሪካ ነበረች።

ትራኮማ፦ ይሄ ለየት ይላል፣ ወደ ታች እንመለስበታለን።

ደሞዝ፣ ሕንፃ፣ የወረዳ ጤና ጽሕፈት ቤት ሥራ ማስኬጃ፦ የወረዳው ጥቅል በጀት።

ከዚህ ዝርዝር አንድ ነገር ያዙ። የአሜሪካ ገንዘብ ሲቋረጥ መጀመሪያ የሚጠፋው መድኃኒቱ ላይሆን ይችላል። መድኃኒቱንና በሽተኛውን የሚያገናኘው ሰው ነው መጀመሪያ የሚጠፋው።

ገንዘቡ በየት በኩል ይመጣል?

በገንዘብ ሚኒስቴርና በጤና ሚኒስቴር ቋንቋ የውጭ እርዳታ በሦስት "ቻናል" ይገባል።

ቻናል 1፦ ለጋሹ ገንዘቡን ለገንዘብ ሚኒስቴር ይሰጣል። ከዚያ በክልል በኩል እስከ ወረዳ ይወርዳል። ምክር ቤት ያየዋል፣ ኦዲተር ይመረምረዋል።

ቻናል 2፦ ለጋሹ ገንዘቡን በቀጥታ ለጤና ሚኒስቴር ወይም ለክልል ጤና ቢሮ ይሰጣል።

ቻናል 3፦ ለጋሹ ራሱ ያወጣዋል፣ ወይም ለድርጅት ሰጥቶ ያሠራል። መንግሥት ሥራው እንዳለ ያውቃል፣ ብሩ ግን በመንግሥት ካዝና አያልፍም።

የአሜሪካ መንግሥት ባብዛኛው የሚጠቀመው ቻናል 3ን ነበር። ለምን ቢባል፣ ዋሽንግተን እያንዳንዱ ዶላር የት እንደገባ ለምክር ቤቷ ማስረዳት ስላለባት ነው። ውጤቱ ግን ምን ሆነ? አንድ ድርጅት ታች ጋይንት ላይ መኪና አሰማርቶ፣ ባለሙያ ቀጥሮ፣ ስልጠና ሰጥቶ ለዓመታት ሊሠራ ይችላል። የወረዳው ምክር ቤት ሐምሌ ላይ በሚያጸድቀው በጀት ግን ያ ሁሉ በብር ተተምኖ አይታይም።

ስለዚህ ድርጅቱ ሲወጣ የወረዳው በጀት በወረቀት ላይ ምንም አልተቀነሰም። "በጀታችን እንዲያውም ጨምሯል" የሚል ባለሥልጣን አልዋሸም። ቲቢ ተጠርጣሪ አክታ ወደ ላቦራቶሪ የሚያደርሰው ሞተር ሳይክል ቆሞ ሊሆን ይችላል፣ ሞተር ሳይክሉ ግን መጀመሪያውኑ መዝገቡ ላይ አልነበረም።

ይሄ መቼ ተጀመረ?

አዲስ ነገር አይደለም። እንዲያውም ከጎንደር ነው የሚነሳው።

እ.ኤ.አ. በ1953 ደምቢያ ላይ ከባድ የወባ ወረርሽኝ ተነስቶ ወደ 7,000 ሰው ገደለ። ከዚያ በኋላ በ1954 የኢትዮጵያ መንግሥት፣ የዓለም ጤና ድርጅት፣ ዩኒሴፍና የአሜሪካ መንግሥት ተባብረው ጎንደር ላይ የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ከፈቱ። የዛሬው የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሥሩ ይሄ ነው። ከዚያ የወጡ የጤና መኮንኖች፣ ነርሶችና ሳኒታሪያኖች በየጠቅላይ ግዛቱ ተሰማሩ።

በ1958 ደግሞ ወባ ወደ ደጋማው ኢትዮጵያ ወጣ። ሦስት ሚሊዮን ያህል ሰው ታምሞ 150,000 ገደማ እንደሞተ ይገመታል። በቀጣዩ ዓመት አያቶቻችን "ወባ ማጥፊያ" የሚሉት መሥሪያ ቤት በአሜሪካ ድጋፍ ተቋቋመ። ቤት ለቤት እየዞሩ ዲዲቲ የሚረጩትን ሠራተኞች የሚያስታውሱ ሽማግሌዎች ዛሬም አሉ።

ትልቁ ገንዘብ የመጣው ግን ባለፉት 25 ዓመታት ነው። ጋቪ እ.ኤ.አ. በ2000፣ ግሎባል ፈንድ በ2002፣ ፔፕፋር በ2003 ተመሠረቱ። ኢትዮጵያ ከፔፕፋር የመጀመሪያ አገሮች አንዷ ነበረች። የኤች አይ ቪ መድኃኒት በነጻ መሰጠት የጀመረው በ1997 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት መድኃኒቱ ይገኝ የነበረው ለከፋይ ብቻ ነበር፣ የጋይንት ገበሬ ሊያስበውም አይችልም።

በዚያው ዘመን መንግሥት የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራምን ጀመረ። በየቀበሌው ሁለት ሴት ባለሙያ፣ ደሞዛቸው ከመንግሥት። የውጭው መድኃኒትና የመንግሥት ደሞዝ ሲገናኙ ምን ሆነ? በሥነ ሕዝብና ጤና ጥናቱ መሠረት በ2000 እ.ኤ.አ. ከ1,000 ሕፃናት 166ቱ አምስት ዓመት ሳይሞላቸው ይሞቱ ነበር። በ2016 ይሄ ቁጥር 67 ደረሰ። ያ ጥናት ራሱ በአሜሪካ ገንዘብ የሚደገፍ ፕሮግራም ነበር፣ በ2025 መጀመሪያ ሥራው እንዲቆም ታዘዘ። ማለትም የተቆረጠው ሕክምናው ብቻ አይደለም፣ ስንት ሰው እንደሞተ የምንቆጥርበት መንገድም ነው።

ዋሽንግተን ላይ ምን ተወሰነ? በቀን በቀኑ

ጥር 12፣ 2017፦ ፕሬዚዳንት ትራምፕ ሥልጣን በያዙበት ቀን የውጭ እርዳታ ለ90 ቀን እንዲቆም አዘዙ።

ጥር 16፦ በመካሄድ ላይ ያሉ ፕሮጀክቶች ሁሉ "ሥራ አቁሙ" የሚል ትእዛዝ ደረሳቸው። በዚያው ሰሞን የኢትዮጵያ ጤና ሚኒስቴር በአሜሪካ ገንዘብ ለኤች አይ ቪ ሥራ የተቀጠሩ ወደ 5,000 የጤና ሠራተኞች ውል እንዲቋረጥ ደብዳቤ ጻፈ።

ጥር 20፦ ሕይወት አድን ለሆኑ ሥራዎች ልዩ ፈቃድ ወጣ። የኤች አይ ቪ ሕክምና ከዚህ ውስጥ ገባ። ብዙ ቦታ ግን ፈቃዱ ቢኖርም ብሩ በጊዜ አልተለቀቀም።

መጋቢት 1፦ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ማርኮ ሩቢዮ ከዩኤስኤይድ ፕሮግራሞች 83 በመቶው እንደተሰረዘ አሳወቁ።

ሰኔ 24፦ ዩኤስኤይድ ራሱን የቻለ መሥሪያ ቤት መሆኑ አበቃ። የቀረው ሥራ ወደ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ገባ።

ሐምሌ 2017፦ ኮንግረስ ቀድሞ ካጸደቀው በጀት ወደ 9 ቢሊዮን ዶላር እንዲሰረዝ ተስማማ። አብዛኛው የውጭ እርዳታ ነበር። ለፔፕፋር ሊቆረጥ የነበረው 400 ሚሊዮን ግን በሴኔት ክርክር ተርፏል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ። በአሜሪካ በጀት ሐሳብ የሚያቀርበው ፕሬዚዳንቱ ቢሆንም የሚወስነው ኮንግረስ ነው። የበጀት ዓመታቸው የሚጀምረው መስከረም 21 ነው፣ የኛ ሐምሌ 1። ለ2026 በጀት ዓመት ዋይት ሀውስ ለዓለም ጤና ፕሮግራሞች የጠየቀው 3.8 ቢሊዮን ዶላር ብቻ ነበር። በፊት ወደ 10 ቢሊዮን ነበር። ኮንግረስ በመጨረሻ፣ በጥር 2018 ዓ.ም.፣ ያጸደቀው ወደ 9.4 ቢሊዮን ነው።

ታዲያ ችግሩ ተፈታ? አልተፈታም። ብር መጽደቁና ብር መውጣቱ ሁለት ነገር ናቸው። ብሩን ወረዳ ድረስ ያደርሱ የነበሩት ድርጅቶች ብዙዎቹ ቢሮ ዘግተዋል፣ ሠራተኛ በትነዋል። የተበተነ ቡድን ደግሞ በአንድ ደብዳቤ አይሰበሰብም።

ለግንዛቤ ያህል፣ የአሜሪካ የውጭ እርዳታ በጠቅላላ ከፌዴራል በጀታቸው አንድ በመቶ ገደማ ነው። ለነሱ ትንሽ የሆነው ለኛ የመደርደሪያው ግማሽ ነው።

ሌሎቹ ለጋሾችስ?

"አሜሪካ ብትወጣ አውሮፓ ይሞላዋል" የሚል ተስፋ ነበር። አልሆነም።

እንግሊዝ በ2021 እ.ኤ.አ. የውጭ እርዳታዋን ከአገራዊ ገቢዋ 0.7 በመቶ ወደ 0.5 አወረደች። ያኔ ትኩረት ለተነፈጋቸው የሐሩር በሽታዎች የነበረው ትልቅ ፕሮግራም፣ ኢትዮጵያንም የሚያጠቃልለው፣ ያለ ጊዜው ተዘጋ። አሁን ደግሞ በ2027 ወደ 0.3 በመቶ ልታወርደው ወስናለች፣ ልዩነቱን ለመከላከያ ለማዋል።

ጋቪ በሰኔ 2017 ብራሰልስ ላይ 11.9 ቢሊዮን ዶላር ፈልጎ ከ9 ቢሊዮን ትንሽ በላይ ቃል ተገባለት። ግሎባል ፈንድ በኅዳር 2018 ጆሃንስበርግ ላይ 18 ቢሊዮን ፈልጎ 11.34 ቢሊዮን አገኘ። ከዚህ ውስጥ 4.6 ቢሊዮኑ ቃል የተገባው ያው ከአሜሪካ ነው። ስለዚህ "መድኃኒቱ ከግሎባል ፈንድ ነው፣ ከአሜሪካ አይደለም" ብሎ መረጋጋት አይቻልም። ቧንቧው ሌላ ቢሆንም ምንጩ ይገናኛል።

አሜሪካ አሁን የያዘችው አዲስ አካሄድ ከየመንግሥቱ ጋር በቀጥታ የአምስት ዓመት ስምምነት መፈራረም ነው። የመጀመሪያዋ ኬንያ ነች፦ በኅዳር 25፣ 2018 በተፈረመው ስምምነት አሜሪካ እስከ 1.6 ቢሊዮን ዶላር፣ ኬንያ ደግሞ 850 ሚሊዮን ዶላር ለመመደብ ተስማሙ። ኢትዮጵያም ተመሳሳይ ስምምነት ከፈረሙት አገሮች አንዷ ነች። የስምምነቶቹ መንፈስ አንድ ነው፦ የኛ ድርሻ በየዓመቱ ይቀንሳል፣ የናንተ ይጨምራል።

እኛ አካባቢ ምን ያሰጋል?

ላይ ጋይንት፣ ታች ጋይንት፣ ስማዳና እስቴ ከጉና ተራራ ደጋ እስከ አባይና በሽሎ በረሃ የሚወርዱ ወረዳዎች ናቸው። ስለዚህ የደጋውም የቆላውም በሽታ ይደርስባቸዋል።

1. ወባ። ቆላው ክፍል ወባማ ነው። የደጋ ሰውም ለቀን ሥራ ወደ መተማና ሁመራ ወርዶ ወባ ይዞ ይመለሳል። እንደ ዓለም ጤና ድርጅት መረጃ፣ በ2024 እ.ኤ.አ. ከጥር እስከ ጥቅምት 20 ባለው ጊዜ ብቻ ኢትዮጵያ ውስጥ ከ7.3 ሚሊዮን በላይ ሰው በወባ ተይዞ 1,157 ሰው ሞቷል። የአሜሪካው ገንዘብ የተቋረጠው ከዚህ በኋላ፣ ሦስት ወር ገደማ ቆይቶ ነው። ወባ ደግሞ ባህሪው ክፉ ነው፦ አንድ ዓመት አጎበርና ርጭት ከቀረ በቀጣዩ ዓመት ዋጋውን ያስከፍላል።

2. የከሱ ሕፃናት። ጋይንትና ስማዳ ሴፍቲኔት በ1997 ሲጀመር አንስቶ የታቀፉ፣ ዝናብ ሲዘገይ ቶሎ የሚጎዱ ወረዳዎች ናቸው። የዓለም ምግብ ፕሮግራም ሚያዝያ 14፣ 2017 ባወጣው መግለጫ ገንዘብ በማለቁ በኢትዮጵያ ለ650,000 የተጎዱ እናቶችና ሕፃናት የሚሰጠው ሕክምና እንደሚቆም አሳውቋል። የከሳ ሕፃን ቀላል ሳምባ ምች እንኳ አይችልም። ስለዚህ የአልሚ ምግብ መቆም በሞት መዝገብ ላይ "ሳምባ ምች" ወይም "ተቅማጥ" ተብሎ ሊመዘገብ ይችላል። "በጀት ተቆርጦ ሞተ" የሚል መዝገብ የለም።

3. ኤች አይ ቪ። በአገሪቱ ወደ 600,000 ሰው ቫይረሱ በደሙ ይገኛል። መድኃኒቱ አለ። ስጋቱ ክትትሉ ላይ ነው። ነፋስ መውጫ ወይም መካነ ኢየሱስ ሆስፒታል መድኃኒት የሚወስድ ሰው ቀጠሮው ቢያልፍ ማን ይደውልለታል? ቤቱ ድረስ ማን ይሄዳል? ይሄን ይሠሩ የነበሩት ናቸው በብዛት የተሰናበቱት። መድኃኒት ያቋረጠ ሰው ለወራት ደህና መስሎ ሊቆይ ይችላል፣ ጉዳቱ የሚታየው ቆይቶ ነው።

4. ካላዛር። በ1997 ሊቦ ከምከምና ፎገራ ላይ ወረርሽኝ ሆኖ ሲነሳ ድንበር የለሽ ሐኪሞች አዲስ ዘመን ላይ ሕክምና ጀምረው ነበር። ዛሬም ከቆላ እርሻ የሚመለሱ ወጣቶችን ይይዛል። አንዱ ዋና መድኃኒት ጊሊያድ የሚባለው የአሜሪካ ኩባንያ በዓለም ጤና ድርጅት በኩል የሚለግሰው ነው። አሜሪካ ከዓለም ጤና ድርጅት እወጣለሁ ስትል የሚነካው እንደዚህ ዓይነቱ ሰንሰለት ነው።

5. ትራኮማ። አማራ ክልል በዓለም ላይ ትራኮማ በብዛት ከሚገኝባቸው ቦታዎች ቀዳሚው ነው፣ ደቡብ ጎንደርም ከከፉት አንዱ ነው። ዓይናቸውን በወረንጦ እያስነቀሉ የኖሩ እናቶችን የማያውቅ የጋይንት ልጅ የለም። ደስ የሚለው፣ ይህ ሥራ በአሜሪካ መንግሥት በጀት ላይ የቆመ አይደለም። መድኃኒቱን ፋይዘር በነጻ ይሰጣል፣ ሥራውን ካርተር ሴንተርና የላየንስ ክለቦች ከክልሉ ጤና ቢሮ ጋር ይደግፋሉ። ከአሥር ዓመት በላይ መድኃኒት ታድሎም በሽታው ግን አልጠፋም፣ ምክንያቱም መድኃኒት ብቻውን አይበቃም። ፊት ለመታጠብ ውኃ ያስፈልጋል። ውኃ ደግሞ የወረዳና የክልል በጀት ነው።

በዚህ ላይ ጦርነቱ አለ። በነሐሴ 2013 ጦርነቱ ነፋስ መውጫ ሲደርስ ሆስፒታሉ ተዘርፏል። ከ2015 መጨረሻ ጀምሮ ያለው ግጭት ደግሞ መንገድ ሲዘጋ መድኃኒት ያስቀራል፣ ተቆጣጣሪ ያስቀራል፣ ወላድ ያስቀራል። የበጀት ቅነሳው የመጣው በዚህ ላይ ተደርቦ ነው።

የኛ በጀትስ?

በ1993 ዓ.ም. የአፍሪካ መሪዎች አቡጃ ላይ ከበጀታቸው 15 በመቶ ለጤና ለመመደብ ቃል ገቡ። ኢትዮጵያ እስካሁን እዚያ አልደረሰችም፣ አብዛኞቹ የአፍሪካ አገሮችም አልደረሱም።

የፌዴራል መንግሥት ለ2018 ያጸደቀው በጀት 1.93 ትሪሊዮን ብር ነው። ከዚህ ላይ ለክልሎች ድጎማ ይከፈላል፣ ክልሉ ለወረዳ ያከፋፍላል። ወረዳ ላይ ሲደርስ ግን ሰፊው ድርሻ ለደሞዝ ይውላል። ለሥራ ማስኬጃ፣ ማለትም ለነዳጅ፣ ለአበል፣ ለጥገና የሚተርፈው ጠባብ ነው። የውጭ ድርጅቶች ይሸፍኑ የነበረው በትክክል ያንን ጠባብ ቦታ ነበር። ክትባት የሚያደርስ መኪና፣ ነዳጅ፣ ስልጠና።

ብር የተዳከመበትንም እንዳትረሱ። ከሐምሌ 2016 ጀምሮ ብር በገበያ ዋጋ እንዲወሰን ተደርጓል። መድኃኒት የሚገዛው በዶላር ነው። ስለዚህ የበጀት ቁጥሩ በብር ቢያድግም የሚገዛው ካርቶን ብዛት አብሮ አያድግም።

አንድ የራሳችን ነገር አለ፦ ማህበረሰብ አቀፍ ጤና መድን። በ2003 ሲጀመር ከመላ አገሪቱ ለሙከራ ከተመረጡት 13 ወረዳዎች አንዱ ጎረቤታችን ፎገራ ነበር። ዛሬ ደብተር ይዞ ጤና ጣቢያ የሚሄድ የጋይንት ገበሬ የዚያ ፍሬ ተጠቃሚ ነው። መዋጮ መክፈል የማይችለውን ደሃ መንግሥት ይሸፍንለታል። ነገር ግን መድኑ የታሰበው ለካርድ፣ ለምርመራና ለሚሸጥ መድኃኒት ነው። በነጻ ይመጡ የነበሩት የፕሮግራም መድኃኒቶች ሸክም መድኑ ላይ ቢወድቅ አሁን ባለው መዋጮ አይችለውም።

"እርዳታ ይቅርብን" ወይስ "ያለ እርዳታ አንኖርም"?

ሁለቱንም ወገን በደንብ መስማት ያስፈልጋል።

አንደኛው ወገን እንዲህ ይላል፦ 20 ዓመት ሙሉ በሰው ገንዘብ ስንታከም የራሳችንን ሥርዓት አልገነባንም። ድርጅቶቹ ጎበዝ ባለሙያዎችን በተሻለ ደሞዝ ከመንግሥት ጤና ጣቢያ ወስደዋል። በጀቱ ለመኪናና ለሆቴል ስብሰባ ሄዷል። ይሄ እውነትነት አለው።

ሌላው ወገን ይመልሳል፦ አንድ ቤት የሚደግፈውን ምሰሶ መቀየር አለብህ ማለትና ምሰሶውን በአንድ ሌሊት መንቀል ይለያያል። በጥር 2017 የሆነው ሁለተኛው ነው። አምስት ዓመት ተሰጥቶ ቢሆን ኖሮ ወረዳው ቢያንስ ምን እንደሚጎድለው ይቆጥር ነበር። ይሄም እውነት ነው።

ሁለቱን የሚያስታርቀው ነጥብ ቆጠራው ላይ ነው። መዝገብ ላይ ያልነበረ ነገር መተካት አይቻልም። ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ ብር መፈለግ ሳይሆን የጎደለውን መጻፍ ነው።

እናንተስ ምን መጠየቅ ትችላላችሁ?

የወረዳ በጀት የሚጸድቀው በበጀት ዓመቱ መግቢያ ላይ ነው። ወረዳዎች በጀታቸውን ሕዝብ በሚያየው ሰሌዳ ላይ በቀላል ቋንቋ እንዲለጥፉ የሚያዝ አሠራርም አለ። ሰሌዳው ባዶ ከሆነ "ለምን?" ብሎ መጠየቅ መብት ነው። በቀበሌ ስብሰባ፣ በጤና ጣቢያ የቦርድ ውይይት ወይም ለምክር ቤት ተወካያችሁ እነዚህን ጠይቁ፦

• በ2017 ከወረዳችን የወጣ ፕሮጀክት የትኛው ነው? ምን ያህል ሠራተኛ ነበረው? ምን ይሠራ ነበር?
• ያንን ሥራ አሁን ማን ነው የሚሠራው? ስሙ የተመደበ ሰው አለ?
• የክትባት ማቀዝቀዣው የሚጠገነውና መኪናው ነዳጅ የሚሞላው በየትኛው በጀት ነው?
• ባለፉት ሦስት ወራት ከመደርደሪያ የጠፋ የፕሮግራም መድኃኒት የትኛው ነው? ለስንት ቀን?
• ለጤና ከተመደበው ውስጥ ደሞዝ ስንት፣ ሥራ ማስኬጃ ስንት ነው?

ለራሳችሁና ለቤተሰባችሁ ደግሞ፦ የኤች አይ ቪ፣ የቲቢ ወይም ሌላ ተከታታይ መድኃኒት የሚወስድ ዘመድ ካላችሁ ደዋይ አትጠብቁ። ቀጠሮውን ስልካችሁ ላይ አስቀምጡት። "ነጻ መድኃኒት ቆሟል" የሚል ወሬ ስትሰሙ ሼር ከማድረጋችሁ በፊት ጤና ጣቢያ ሄዳችሁ ጠይቁ። በወሬ መድኃኒቱን ያቋረጠ ሰው ጉዳቱ ከበጀት ቅነሳው እኩል ነው። የጤና መድን ደብተራችሁንም በጊዜው አሳድሱ።

የቃላት መፍቻ

ጥቅል በጀት፦ ክልሉ ለወረዳ በአንድነት የሚሰጠው፣ ወረዳው ራሱ ለትምህርት፣ ለጤና፣ ለግብርና የሚያከፋፍለው ገንዘብ።

ከበጀት ውጭ የሆነ ድጋፍ፦ በድርጅት በኩል የሚመጣ፣ በመንግሥት መዝገብ የማያልፍ እርዳታ። ቻናል 3 ማለት ነው።

የፕሮግራም መድኃኒት፦ በነጻ የሚታደል፣ ለተወሰነ በሽታ የሚመጣ መድኃኒት።

በጀት መሰረዝ፦ ምክር ቤት ቀድሞ ያጸደቀውን ገንዘብ መልሶ መሻር። በሐምሌ 2017 ዋሽንግተን ላይ የሆነው።

የጋራ ወጪ፦ ለጋሹም ተቀባዩ መንግሥትም ድርሻ የሚያዋጡበት ስምምነት። የጋቪ ክትባት አንዱ ምሳሌ ነው።

ይህን ጽሑፍ ሴቭ አድርጉት፣ በጀት በሚጸድቅበት ሰሞን ይጠቅማችኋል። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ እህት ወይም ጓደኛ ካላችሁ ላኩላት። መደርደሪያው ላይ ምን እንደጎደለ ከማንም በፊት የምታውቀው እሷ ነች።